ጥቆማ፦ እናቴ ታክስ ማሠራት አለባት? ካለባትስ የት ልውሰዳት? (ለዲኤምቪ ሰዎች፣ ማለትም ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ በግሪን ካርድ ከመጣች ሦስት ዓመት አልፏታል። አባቴ ስለሞተ ብቻዋን ናት። ሆቴል ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል ታጸዳለች፤ የ2025 ደብሊው ቱዋ (የዓመት ደሞዝ ወረቀቷ) 9,200 ዶላር ይላል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። ታክስ የሚሠራልን ሰው ለሁለቱ 450 ዶላር አለኝ። በዚህች ገቢ እናቴም ታክስ ማሠራት አለባት?

ከአሌክሳንድሪያ፦
የለባቸውም። ዕድሜው ከ65 በታች ለሆነና ነጠላ ሆኖ ለሚሞላ ሰው የ2025 ፌዴራል ወለል፣ ማለትም የመሙላት ግዴታ የሚጀምርበት ገቢ፣ 15,750 ዶላር ነው። ገንዘብሽን ያዢ።

ከሃያትስቪል፦
እህቴ፣ ቸኩለሽ አትዝጊው። ግዴታ ባይሆንም ሊጠቅማቸው ይችላል። ደብሊው ቱው ላይ 2 ቁጥር ሳጥኑን እይ። እዚያ የተቆረጠ ፌዴራል ታክስ ካለ፣ ፋይል ካላደረጉ ማንም አይመልስላቸውም። ለማስመለስም ያላቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ሌላም አለ፦ ልጅ ሳይኖረውም ከ25 እስከ 64 ዓመት ለሆነ ዝቅተኛ ደሞዝተኛ የሚሰጥ የታክስ ክሬዲት አለ፣ ኢአይቲሲ የሚሉት። የ2025 ጣሪያው 649 ዶላር ነው። ሶሻላቸው (ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው) ሥራ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በ9,200 ገቢ እዚያው ጣሪያው ጋ ናቸው።

የት ለሚለው፣ የሞከርኩትን ልንገርሽ። መጀመሪያ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት የአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ «ታክስ መሙላት አለብኝ ወይ» የሚል መጠይቅ አለ። ስምም ሶሻልም አይጠይቅም፣ አንድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ቀጥሎ ቪታ ነው። በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይሠራሉ፣ አይ አር ኤስ ያሠለጥናቸዋል። እናንተ ጋ የሞንጎመሪ ካውንቲው አለ፣ ሜሪላንድ ላይ ደግሞ ካሽ ካምፔይን የሚባሉት። ክፋቱ ቀጠሮው ነው፤ የካቲት ላይ ካልያዝሽ ሚያዝያ ይደርስብሻል። ኦሪጅናል የሶሻል ካርድና መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፣ በፎቶ ኮፒ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የአረጋውያን ማኅበሩ የኤኤአርፒ ታክስ ኤይድም ነፃ ነው፣ አባል መሆን አያስፈልግም፣ ትዕግሥታቸው ለእናቶች ነው የተፈጠረው። ራሴ የምሠራው ፍሪታክስዩኤስኤ በሚባል ድረ ገጽ ነው፤ ፌዴራሉ ነፃ፣ ስቴቱ በትንሽ ክፍያ። ለማዘር ግን አልመክርም፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ዳይሬክት ፋይል የሚባለው የመንግሥቱ ነፃ መንገድ ደግሞ ለ2026 ወቅት የለም፤ አትፈልጊው።

ግን አንድ ጥያቄ፦ የጤና ኢንሹራንሳቸው ከየት ነው?

ጠያቂዋ፦
ከሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ ከስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ። በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ስላልሞላት ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ) አልሰጧትም፤ በ2025 እርዳታ ተደርጎላት በወር ትንሽ ነበር የምንከፍለው።

ከሃያትስቪል፦
እንግዲያው ነገሩ ተገለበጠ። የመንግሥት እርዳታ አስቀድሞ ለኢንሹራንሱ ከተከፈለላቸው፣ ገቢያቸው አንድ ሺህ ዶላርም ቢሆን ፋይል ማድረግ ግዴታ ነው። የእርዳታውን ልክ የሚያሳይ 1095-ኤ የሚል ወረቀት ጥር ላይ ይላካል፣ ቁጥሩ 8962 የሚባል ፎርም ላይ ይገባል። እኔ ያንን ፖስታ ማስታወቂያ መስሎኝ ከፒዛ ወረቀት ጋር ጣልኩት። ቆይቶ እርዳታው ተቋረጠና የወር ክፍያዬ ወደ ሙሉው ዘለለ። የነገረኝም ሰው አልነበረም፣ ታክስ ሠሪዬም አልጠየቀኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ይቅርታ፣ እኔ ያንን አላሰብኩም።

ከአርሊንግተን፣ ሹፌር፦
ወንድምሽስ? እሱ ክርክር የለውም። ከኡበር የተጣራው 400 ዶላር ከደረሰ፣ የደሞዙ መጠን ምንም ይሁን ምን መሙላት አለበት። ኡበር በሚልከው የገቢ ወረቀት፣ 1099-ኬ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ እንዳይደነግጥ፤ ኡበር የወሰደውም ኮሚሽን አብሮ ተጽፏል። እሱን ይቀንሳል፣ ለ2025 እያንዳንዱን የሥራ ማይል በ70 ሳንቲም ይቀንሳል፣ ከተረፈው ላይ ነው የሚከፍለው። ቪታ እንዲህ ያለውን ቀላሉን ይሠራል፤ ኪሳራ ከሆነ ወይም የመኪናውን እርጅና ማስላት ከፈለገ ግን አይቀበሉትም። ተርቦታክስ የሚባለው የታክስ ፕሮግራም ላይ የግል ሥራ ካለው ወደሚከፈልበት ነው የሚገፋው።

የኛ ሰው ጋ መክፈልም ነውር አይደለም፣ በአማርኛ ማስረዳት ዋጋ አለው። ብቻ ፒቲአይኤን ቁጥር (አይ አር ኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠው) ይኑረው፣ ፊርማውን ያኑር፣ ሪፈንዱ በራሳችሁ አካውንት ይግባ። ከሪፈንዱ ፐርሰንት የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ውጡ። ሳይፈርም «ራስህ የሠራኸው አስመስለህ ላክ» የሚል ካለ ሩጡ።

ጠያቂዋ፦
ፖስታው ፍሪጁ ላይ ከፋሲካ ካላንደር ሥር ተገኘ፣ ሳይከፈት! የቪታ ቀጠሮ ለመጋቢት ያዝኩላት። ወንድሜ ግን አንድም ማይል አልመዘገበም ይለኛል።

ከአርሊንግተን፣ ሹፌር፦
ከኡበር አካውንቱ የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ ያውርድ፣ ኦንላይን ሆኖ የነዳው ማይል እዚያ አለ። ከዘይት ቅየራ ደረሰኞቹ ጋር ያስተያየው፤ የመኪናው የማይል ንባብ እነሱ ላይ ከነቀኑ ይጻፋል።