በ.45-70 ዝግተኛው ባሩድ ሳይነድ ይቀራል፤ ፕራይመር ልቀይር ወይስ ባሩድ?

ቀጥ_ቀለህ (ኦሃዮ)

ሰላም ለሁላችሁ። .45-70 የሚባለውን ጥይት በእጄ እየሞላሁ ነው የምተኩሰው። ጠመንጃው የስፕሪንግፊልድ 1873 ትራፕዶር (መዝጊያው ወደ ላይ የሚከፈት የድሮ ጠመንጃ) ቅጂ ነው። አረሩ 405 ግሬይን (26 ግራም ግድም) የሚመዝን የእርሳስ ቅልጥ፣ 20 እጅ እርሳስ ለ1 እጅ ቆርቆሮ። ባሩዱ አይኤምአር 4831፣ ፕራይመሩ (ባሩዱን የሚለኩሰው ክብሱል) ተራ ላርጅ ራይፍል። 4831ን የመረጥኩት ቀለሁን እስከ አረሩ ቂጥ ስለሚሞላ ነው፤ በስህተት ሁለቴ ቢጨመር ይፈሳል፣ ወዲያው ይታያል። ደግሞም "ዝግተኛ ባሩድ ለአሮጌ ብረት ይራራል" ሲባል እሰማለሁ።

ችግሩ፦ ከተኩስ በኋላ በርሜሉ ውስጥ ቢጫ ቢጫ የባሩድ ፍሬ ይቀራል። ቀለሁ ከአፉ እስከ ወገቡ በጥቀርሻ ይጠቁራል። በ10 ተኩስ ውስጥ በፈጣኑና በቀርፋፋው መካከል ከ150 ጫማ በሰከንድ በላይ ልዩነት አለ። አንዳንዴ ቃታው "ቀጭ" ይልና ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጮኸው። ማግነም (እሳቱ የበረታ) ፕራይመር ይበቃል? ወይስ ባሩዱን ትንሽ ልጨምር? የአጋዘን ወቅት ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ስለሚከፈት ብርዱም አለ።

ሚዛን

መጨመሩን እርሳው። "ይራራል" የሚሉትም ግማሹን ብቻ ነው የነገሩህ።

ጭስ አልባ ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት በግፊት ይወሰናል። ግፊቱ ሲያይል ይፈጥናል፣ ሲላላ ይዳከማል። 4831 የሚባለው ባሩድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥይት በእጃቸው ለሚሞሉ ሰዎች የተሸጠው ከ20 ሚሊሜትር መድፍ ከተረፈው ክምችት ነው። እንደ .270 ዊንቸስተር ባለ አንገታም (አፉ ጋ የሚጠብ) ቀለህ ከ50,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) በላይ ሲያገኝ ጥርት ብሎ ይነዳል። የ.45-70 የኢንዱስትሪ ጣሪያ ግን 28,000 ነው፤ ለትራፕዶር የሚጻፈው ልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም በታች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቀለሁ ቅርጽ ነው። በ.45-70 ከ405 ግሬይን አረር በታች ለባሩድ የሚቀረው ቦታ 3.8 ሲሲ ግድም ነው። በርሜሉ ሰፊ ስለሆነ አረሩ 3.5 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሄድ ጋዙ የያዘው ቦታ እጥፍ ይሆናል። በ.270 ያው እጥፍ የሚመጣው አረሩ 10 ሴንቲሜትር ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንተ ባሩድ ገና ሳይሞቅ ክፍሉ ይሰፋበታል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የቀረው ፍሬ ከነቢጫው ይተፋል። የሚይዘው ትከሻም የለም፤ ሳይነድ ከአረሩ ኋላ ተከትሎ ይወጣል።

ጥቀርሻውም ከዚሁ ነው። ግፊቱ የቀለሁን ግድግዳ ከመጉረሻው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜል ክፍል) ጋር ስለማያጣብቀው ጋዝ ወደ ኋላ ያመልጣል። ቀለሁ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ደርቆ ከሆነ ይብሳል፤ አፉን በእሳት ማለስለስ ይረዳል።

በአጭሩ ባሩዱን ቀይር። ለዚህ ጠመንጃ አኩሬት 5744 ወይም አይኤምአር 4198 ይሻላል። 5744 የተሠራው ቀለህ ሳይሞላ በዝቅተኛ ግፊት እንዲነድ ነው። እሱም ጥቂት ፍሬ ይተዋል፣ ግን ፍጥነቱ አይዘባርቅም። ልኩን እዚህ አልጽፍም፤ ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ "ትራፕዶር" ከሚለው ዓምድ ውሰድ፣ ከመነሻው ጀምር። ያው መጽሐፍ ለማርሊን 1895 እና ለሩገር ቁጥር 1 ሌላ ዓምድ አለው፤ ቀለሁ አንድ ነው ብለህ ከዚያ እንዳትቀዳ።

የድሮ_ብረት

ሚዛን ያለው ልክ ነው፤ እኔ ስለ አሞላሉ ልጨምር። ባሩድ ቢቀየርም አረሩ ላላ ካለ ችግሩ አይጠፋም።

መጀመሪያ በርሜሉን በለስላሳ እርሳስ ለካ። አረሩ ከጎድጎዱ ልኬት በ0.001 ኢንች ይብለጥ፤ በትራፕዶር .459 ወይም .460 ቢወጣ አትደነቅ። የቀለሁን ውስጥ የሚያሰፋው ዘንግ ከአረሩ በ0.002 ኢንች ይጥበብ። በጥቅል የሚሸጠው ዘንግ ብዙ ጊዜ ለባለ መዳብ ልባስ .458 አረር ስለሚሆን፣ በለስላሳ እርሳስ ላይ ቀለሁ አረሩን ጨምቆ ያሳንሰዋል። አፉን የምትገልጠው የአረሩ ቂጥ እርሳስ ሳይላጭ እንዲገባ ያህል ብቻ ነው።

ከዚያ ክሪምፕ፣ ማለትም የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ማጠፍ። ሮል ክሪምፕ ከአረሩ ቦይ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይታጠፍ። አረሩ ለቅጽበት ሲያዝ ነው ባሩዱ ግፊት የሚያጠራቅመው፤ ጥይቱን በጣትህ ይዘህ ስታዞረው አረሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ክሪምፕ አልያዘም። አረር መክተትና ክሪምፕ በሁለት የተለያየ ዙር ይሠሩ። በአንድ ዙር ሲሆኑ ለስላሳው አረር ይፋቃል፣ ቀለሁም ከወገቡ ያብጣል፤ ያበጠ ጥይት መጉረሻ አይገባም። ቀለህ ቢበዛ 2.105 ኢንች ነው፤ ሁሉንም አንድ ርዝመት ቁረጥ፣ ያለዚያ ክሪምፑ አንዱ ላይ ይጠብቃል ሌላው ላይ ይላላል።

4198 ሲሆን የፈራኸው ነገር እውን ይሆናል፤ ድርብ ሙሌት ሳይፈስ ይገባል። ሃምሳውንም ቀለህ በመያዣው ደርድረህ አረር ከመክተትህ በፊት በባትሪ እያንዳንዱን እይ። ያለቀውን ጥይት በሚዛን አጣራለሁ አትበል፤ የቀለህና የቅልጥ አረር ልዩነት ብቻውን በርካታ ግሬይን ስለሚደርስ ስህተቱን ሊሸፍነው ይችላል።

ቀጥ_ቀለህ (ኦሃዮ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ባዶውን ቦታ በዳክሮን (ሰው ሠራሽ) ጥጥ ብሞላውስ? ሌላ ቦታ ደግሞ "ባሩዱን ወደ 60 በመቶ ማውረድ ይቻላል" የሚል አየሁ።

ሚዛን

የ60 በመቶው ነገር የባሩድ አምራቹ ሆጅደን ኤች 4895 ለሚባለው ባሩድ ብቻ ያወጣው ነው፤ የሚሰላውም ሰንጠረዡ ላይ ካለው ከፍተኛ ልክ ነው። በ4831 አትሞክረው። ትልልቅ አንገታም ቀለሆች ውስጥ ዝግተኛ ባሩድ በጣም ሲቀነስ ድንገተኛ የግፊት ዝላይ ታይቷል።

ዳክሮን ያከራክራል። ከባሩዱ ተለያይቶ አረሩ ቂጥ ላይ ከተሸጎጠ መጉረሻው ውስጥ ቀለበት ያሳብጣል፤ ከዚያ ቀለህ አልወጣ ይላል፣ በርሜሉም አይታረምም። በ5744 አያስፈልግህም።

ይልቅ ይህን ሞክር፦ ከመተኮስህ በፊት አፈሙዙን ወደ ላይ አንስተህ ቀስ ብለህ አውርድ፣ 5 ጥይት ለካ። ሌላውን 5 ወደ ታች ካዘነበልክ በኋላ። ሁለቱ ከተራራቁ ባሩዱ የተኛበት ቦታ ይገዛዋል ማለት ነው፤ ያኔ ነው ማግነም ፕራይመር የሚሞከረው፣ ልኩን ወደ መነሻው መልሰህ። ለብርዱም ያግዛል።

ስናድር_ወዳጅ

ለውጅግራና ለስናድርም ይሠራል?

የድሮ_ብረት

የውጅግራ ቀለህ አንገት አለው፣ ሂሳቡ ሌላ ነው። ስናድር ቀጥ ያለ ቢሆንም መዝጊያው ደካማ ስለሆነ ከጥቁር ባሩድ ውጭ አታስነካው።

ቀጥ_ቀለህ፣ የቀሩትን የ4831 ጥይቶች ፈታና ባሩዱን ጣለው፤ ከሌላ ባሩድ ጋር ወደ አንድ ዕቃ አትመልሰው። እስክትፈታቸው ድረስ ብትተኩስ፣ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ 60 ሰከንድ ጠብቅ። ድምፁ ከወትሮው ከሳሳ ሌላ አታጉርስ፤ መዝጊያውን ከፍተህ በበርሜሉ ብርሃን ማለፉን እይ። ያልነደደው ፍሬም ከመጉረሻው አፍ ላይ ከቀለሁ ከንፈር ሥር ይገባና መዝጊያው ሙሉ በሙሉ እንዳይቆለፍ ያደርጋል፤ በየተኩሱ በብሩሽ ጥረገው።