«ሎኮሞቲቩ ንጹሕ ነው» በተባለው አነጋገር ላይ የተነሣ ክርክር

የለገሃር ልጅ፦ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ «ስኖውፒርሰር» የተሰኘውን የ2013 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ብዙዎቻችን አብረን ተመልክተናል። ለቀራችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ፦ የምድርን ሙቀት ለማብረድ ሰማይ ላይ የተረጨ ኬሚካል ዓለምን በረዶ ያደርጋታል፤ የተረፈው ሰው ሁሉ ዓለምን በዓመት አንድ ጊዜ በሚዞር ባቡር ላይ ይኖራል፤ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ጠግበው ሲጨፍሩ ጭራው ላይ የታጎሩት ከነፍሳት የተጨመቀ ብሎክ ይበላሉ፤ በመጨረሻም ተሠርቶ የማይገኝ መለዋወጫን ተክቶ ከሞተሩ ወለል ሥር በእጁ የሚሠራ ሕፃን ይገኛል። ይህን ሁሉ ካየን በኋላ አወያዩ ወጣት ተነሥቶ ባቡሩን ስለሚጎትተው ሞተር «ሎኮሞቲቩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የሰዎቹ ነው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም። ወለሉ ሥር ሕፃን የተወተፈበት ማሽን በየትኛው አማርኛ ንጹሕ እንደሚባል የሚያስረዳኝ ካለ እጠብቃለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ጭብጨባውን ካስጀመሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ አላፍርበትምም። ሎኮሞቲቩ ሲነደፍ ሕፃን አልተነደፈበትም። መለዋወጫው አለቀ፣ ባለቤቱ ዊልፎርድም ልጅ አስገባ፤ ወንጀሉ የዊልፎርድ ነው። ማሽኑ ግን 17 ዓመት ሳይቆም ተጉዟል፤ ከፊቱ ያገኘውን በረዶ እየዋጠ ለተሳፋሪው ውኃ ያደርግለታል። ስሌቱም የዋዛ አይደለም፤ የሀዲዱ ርዝመት 438,000 ኪሎ ሜትር ነው ተብሏል፤ ይህን በአንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ብታካፍሉት ያለ ትርፍ ያለ ጉድለት 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣላችኋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ አጨበጭባለሁ።

የለገሃር ልጅ፦ አባቴ የሎኮሞቲቭ መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን ድሬዳዋ ወርክሾፕ ተምረው ለገሃር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ማታ ሲገቡ እናቴ ላስቲክ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውኃ ታቀርብላቸውና እጃቸውን በኦሞና በአሸዋ ያሹት ነበር፤ የጥፍራቸው ሥር ግን አንድም ቀን ነጽቶ አላየሁም። ስለዚህ «ንጹሕ ሎኮሞቲቭ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ጥፍር ነው። ደግሞም ዕቃ ሲጠፋ ምን ያደርጉ እንደነበር አውቃለሁ። ዕቃውን ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ እንኳ የተበላውን ብረት ጠረጴዛ ላይ አኑረው በካሊፐር ይለኩታል፣ ከዚያም ቶርኖ ላይ አስረው አምሳያውን ይቀርጻሉ። ዊልፎርድ አንድ ሙሉ ባቡር የሞላ ሰው ይዞ አንድ ቶርኖ አጣ ማለት ነው? የመዋኛ አዳራሽ፣ የዓሣ ገንዳ፣ የጭፈራ ቤት ጭኖ ቶርኖ ያልጫነ ሰው መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ከመነሻው ወስኗል። ንድፉ ውስጥ ሕፃን የለም የምትለኝ፣ ወንድሜ ኢንጂነሩ፣ ንድፉን ስላላነበብከው ነው።

ኢንጂነሩ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ስለ ማሽን ሳወራ አንተ ስለ ማሽኑ ባለቤት ትመልስልኛለህ።

ፒያሳዊት፦ ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም «ንጹሕ» ላይ ተጣብቃችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ውሸት አልፋችሁታል። ፊልሙ ውስጥ ሞተሩ ዘላለማዊ ነው ይባላል፤ ምን በልቶ እንደሚሠራ ግን አንድም ሰው አይጠይቅም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ «ያለ ማቋረጥ ራሱን የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሠርቻለሁ» ከሚሉ ሰዎች ማመልከቻ አልቀበልም ብሎ የወሰነው በ1775 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ሳዲ ካርኖ ደግሞ በ1824 የእንፋሎት ሞተር ጉልበት የሚያወጣው ሙቀት ከሞቃት ቦታ ወደ ቀዝቃዛ ሲወርድ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ የውጪው ብርድ ለሞተሩ እንደ በረከት ሊቆጠር ይችል ነበር፤ ልዩነቱ በሰፋ መጠን ጥቅሙም ይሰፋልና። ነገር ግን ሞቃቱ ወገን ከየት መጣ? የዋጠውን በረዶ ማቅለጥም ሙቀት ይበላል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። የትምህርት ቤቱን ፉርጎ አስታውሱ፤ ሕፃናቱ ለሞተሩ መዝሙር ይዘምራሉ። «ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ የሚገባውን ልጅ ገና በአምስት ዓመቱ ካዘመሩት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ «ንጹሕ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ኢንጂነሩ፦ እህቴ፣ ኒውክሌር ሊሆን ይችላል። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤክስ-12 የተባለ የኒውክሌር ሎኮሞቲቭ ወረቀት ላይ ተነድፎ ነበር። አልተሠራም፤ ሐሳቡ ግን ተረት አይደለም።

ፒያሳዊት፦ ኒውክሌር ከሆነማ ነዳጁ ያልቃል፣ ስለዚህ ዘላለማዊ አይደለም፤ ዝቃጩም የሆነ ቦታ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ንጹሕም አይደለም። ዝቃጩ ስንተኛው ፉርጎ ውስጥ ይቀመጥ ይመስልሃል? ጭራው ላይ ነው ብዬ አስይዛለሁ።

አቶ ሰዋስው፦ ክርክሩን ከጅምሩ ተከታትየዋለሁ፤ ይሁንና «ሎኮሞቲቭ»፣ «ሞተር» እያላችሁ ጆሯችንን ከምታደነቁሩት ባቡር ብላችሁ ብትጠሩት ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

ኢንጂነሩ፦ ጋሽ ሰዋስው፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ባቡር ማለት ግን ጎታቹም ተጎታቹም በአንድ ላይ ነው። እኛ የምንከራከረው ስለ ጎታቹ ብቻ ነው።

አቶ ሰዋስው፦ ተሳስተሃል ልጄ። እናቶቻችን «ባቡር ቤት» የሚሉት እህል የሚፈጭበትን ቤት ነው፤ እዚያ ምን ፉርጎ አለ? ቃሉ ከጣልያኖቹ «ቫፖሬ» ጋር ዘመዳም ነው፣ ፍቺውም እንፋሎት ነው። ባቡር ማለት በመሠረቱ ጎታቹ ነው፤ ተጎታቹ ስሙን በውሰት ያገኘ ነው።

ፒያሳዊት፦ ጋሼ፣ ሳያስቡት ለእኔ ፈረዱልኝ። ስሙ ራሱ እንፋሎት ከሆነ፣ ውኃ ሳይፈላ፣ ከሥሩም አንድ ነገር ሳይነድ ባቡር የሚባል ነገር የለም። በስታዲየም በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር እንኳ ጭስ ስለሌለው ብቻ ከላይ የተዘረጋለትን ሽቦ የማያይ ሰው አለ።

አቶ ሰዋስው፦ ለማንም አልፈረድኩም፤ ያልኩት ስለ ቃሉ ነው።

ሦስተኛ ማዕረግ፦ እኔ በዚህ ስም የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የለገሃሩ ባቡርም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው፤ እኛ ከነዶሯችንና ከነኩንታላችን የምንሳፈረው ሦስተኛው ላይ ነበር። በ784 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ላይ የወንበሩ እንጨት ወገብ ይሰብር ነበር። ነገር ግን አቃቂ ይቆማል፣ ሞጆ ይቆማል፣ አዋሽ ይቆማል፤ የመረረው ይወርዳል። በፊልሙ ላይ ያስደነገጠኝ የማዕረጉ መኖር ሳይሆን የፌርማታው አለመኖር ነው። ሀዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥማል እንጂ የትም አይደርስም። መውረጃ የሌለው ባቡር ከሆነ ሞተሩ ንጹሕ ሆነ አልሆነ ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ክሱ መቅረብ ያለበት ሀዲዱን ክብ አድርጎ በዘረጋው ላይ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ፊልሙ ውስጥ የአንዱን የጭራ ተሳፋሪ ክንድ በቀዳዳ አውጥተው ለሰባት ደቂቃ ብቻ ሲያቆዩት ምን እንደሆነ አላየህም? በረዶ ሆኖ በመዶሻ ተሰበረ። እዚያ ብርድ ላይ ፌርማታ ከፍቶ ሻይ የሚሸጥልህ ሰው ካገኘህ እኔም እወርዳለሁ።

ሦስተኛ ማዕረግ፦ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተኸዋል ወይስ ስታጨበጭብ አመለጠህ? መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ወርደው በረዶው ላይ ቆሙ፤ ድብም አዩ። ውጪው ሞት ብቻ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ከፊተኛው ፉርጎ ነው።

ኢንጂነሩ፦ የወረዱት ባቡሩ ከተገለበጠ፣ ሌላው ተሳፋሪም ካለቀ በኋላ ነው። ይህን «ፌርማታ» ካልከው በቃላት ላይ አንግባባም። ድቡም ቢሆን የመጣው ሊቀበላቸው ነው ያለ የለም።

ሥዕላዊ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የፊልሙ ምንጭ ዣክ ሎብና ዣን-ማርክ ሮሸት በ1982 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይኛ ማሳተም የጀመሩት የሥዕል ታሪክ ነው። እዚያ ውስጥ ባቡሩ 1,001 ፉርጎ አለው፤ ሎኮሞቲቩም እንደ ታቦት የሚያመልኩት ወገኖች አሉት። ሆኖም ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አለቆቹም ሸክም ለማቅለል የጭራውን ፉርጎዎች ቆርጠው ለመጣል ይመክራሉ። ስለዚህ ደራሲዎቹ ራሳቸው ሞተሩ ዘላለማዊ ነው ብለው አላመኑም።

የለገሃር ልጅ፦ ተመስገን! ሞተሩ ሲደክም ማን እንደሚጣል በ1982 ተጽፎልን ነበር። ወንድሜ ኢንጂነሩ፣ አሁንስ?

ኢንጂነሩ፦ እኔ የተናገርኩት ስለ ፊልሙ ሎኮሞቲቭ ነው፤ የሥዕሉ ሌላ ማሽን ነው። ቢያንስ ስሌቱን ማንም አላፈረሰውም፤ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ያለ ትርፍ ያለ ጉድለት።

ፒያሳዊት፦ እሱንም ላፍርስልህ። ባቡሩ አንድ የታወቀ ድልድይ ሲሻገር አዲስ ዓመት ሆነ ብለው ይጨፍራሉ አይደል? በየአራት ዓመቱ ግን አንድ ቀን ትጨመራለች፤ ለእኛ ጳጉሜን 6 እንደምትሆነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት 8,784 ሰዓት ስላለ፣ በ50 ከሄደ ድልድዩ ላይ አንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል። በ17 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ካለ ቀኑ ጨፍረዋል።

ኢንጂነሩ፦ በዚያ ዓመት ፍጥነቱን ወደ 49.86 ያወርደዋላ።

የለገሃር ልጅ፦ ይህን ለአባቴ አሁን አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰ ባቡር ስላላዩ አስተያየት መስጠት እንደማይችሉ ነገሩኝ።