ድራም ልምምድ ሰለቸኝ፤ እጄ ያንኑ ብቻ ይመታል፣ ምን ላድርግ?

የቆጪው ድራመር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ድራም ከጀመርኩ 3 ዓመት አልፎኛል። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሰርግ ላይ እንጫወታለን። በሥራ ቀን ደግሞ ማታ ማታ አክስቴ ግቢ ውስጥ ባለች ክፍል 1 ሰዓት እለማመዳለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ደስ ይለኛል፤ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ጎረቤት አይቆጣኝም።

ችግሬ ይኸውና። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ገና ስቀመጥ እጄ ያንኑ ቢት ይይዛል። ከአራት ዙር በኋላ ያችኑ ፊል (ዙሩን መዝጊያ አጭር ምት) እመታለሁ። ከስኔር (ፊት ለፊት ካለው ጯሂ ድራም) ወደ ትንሹ ቶም (ወፈር ያለ ድምፅ ካላቸው ድራሞች አንዱ)፣ ከዚያ ወደ ትልቁ፣ ከዚያ ሲምባል። ሳላስበው ነው የሚመጣው። ትናንት 20 ደቂቃ ሳይሞላኝ ስቲኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ድራም እወዳለሁ፣ መተው አልፈልግም። እናንተ እንዲህ ሲሆንባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አስተማሪ የለኝም። ያለኝ ስልኬና ድራሙ ነው።

ባለ ስቲኩ፦
ወንድሜ አይዞህ፣ ይህ ያልደረሰበት ድራመር አላውቅም። እኔን ያወጣኝ መቀነስ ነው። ቶሞቹን ከፊትህ አንሳቸው፤ ሲምባሉንም አንሳ። ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ)፣ ስኔርና ሃይ ሃት (ጥንዶቹ ሲምባሎች) ብቻ ይቅሩ። ያቺ ፊልህ መሄጃ ስታጣ እጅህ ሌላ ነገር መፈለጉ አይቀርም።

ከዚያ ፓራዲድል የሚባለውን የእጅ መልመጃ ያዝ፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። ቀኝህን ሃይ ሃት ላይ፣ ግራህን ስኔር ላይ አድርገህ ምታው። ሜትሮኖሙ (ፍጥነት ጠባቂው) በደቂቃ 60 ምት ላይ ይሁን። የግራህን ምቶች በጣም ዝቅ አድርጋቸው፣ አንዷን ብቻ ጠንከር አድርግ። መልመጃ ነው ያልከው ነገር ግሩቭ (የሚያወዛውዝ ምት) ሆኖ ይመጣል። በማግስቱ የምታጠነክራትን ምት ወደ ሌላ ቦታ ውሰዳት። እኔ በዚህ ብቻ ወር ሙሉ ሳልሰለች ሠርቻለሁ።

እንግዳ፦
አንድ ሳምንት ተወው። ሲናፍቅህ ራስህ ትመለሳለህ።

ባለ ስቲኩ፦
በዚህ አልስማማም። ሁለት ሦስት ቀን ጥሩ ነው። ሳምንት ሲሆን ግን እኔን ስንፍና ይይዘኛል።

ሰንበት ተማሪ፦
እኔ ድራመር አይደለሁም፣ ከበሮ ነው የምመታው። ግን ነገሩ አንድ ይመስለኛል። ከበሮ ሁለት አፍ ብቻ ነው ያለው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጥሃል፣ ጠባቡ ቀጭን። በዚህ ሁለት ድምፅ ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፣ ማንም አይሰለችም። ለምን ብትል፣ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። መረግድ (ዝግ ያለው የዝማሬ ክፍል) ሲጀመር ቀስ ብሎ ነው፤ በሁለት ምት መሃል ትንፋሽህ ይሰማሃል። ጽፋት (ፈጣኑ ክፍል) ላይ ሲደርስ እጅና ጭብጨባ ተያይዞ ይፈጥናል። ከባዱ ግን ፈጣኑ አይደለም። ቀስ ባለው ላይ ሳትቸኩል መቆየት ነው የሚያልብህ። አንተም አንድ ቢት ያዝና በጣም ዝግ ባለ ፍጥነት 10 ደቂቃ ሳትለቅ ቆይበት። እኔ መጀመሪያ 3 ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም ነበር።

የድሮ ሙዚቀኛ፦
ልጄ፣ ጅማ ተቀምጠህ ሪትም ጠፋብኝ ትላለህ? ነገ አክስትህ ቡና ስትወቅጥ ስልክህን አስቀምጥና አጠገቧ ቁጭ በል። ዘነዘናው ሲወርድ አንድ ድምፅ አለው፤ ይህ ቤዝ ድራምህ ነው። መሃል ላይ የሙቀጫውን አፍ በዘነዘናው መታ መታ እያደረገች ዱቄቱን ታራግፋለች። ይህ ደግሞ የስኔሩ ጠርዝ ነው፣ እንጨት በእንጨት። ቁጠርላት። ስንት ስትወቅጥ ነው አንዴ የምታራግፈው? ያንን ወስደህ ድራሙ ላይ አስቀምጠው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ቢት አይሆንም፣ ከቤትህ የወጣ ነው።

ሌላው፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚያው ጅማ ነው። ዌልስ የሄደው ምህንድስና ሊማር ነበር፣ ሙዚቃ ሳበው። ለንደንና ቦስተን ተምሮ የላቲን ምትና ጃዝን ከእኛ ቅኝት ጋር አገናኘ። ሥራዎቹን ስትሰማ ለአንድ ቀን ዜማውን ተወው። ኮንጋውን (በእጅ የሚመታውን ረጅም ከበሮ) ብቻ ተከተል፣ ጉልበትህ ላይ በእጅህ ምታው። ድራሙ ላይ የምትቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በካሴት ዘመን ቴፑን እየመለስን የተማርነው እንዲህ ነው። ጆሮ ሳይጠግብ እጅ ምን ያመጣል?

ቤዝ እህት፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ራስህን ቅዳ። ስልኩን ከድራሙ ራቅ አድርገህ በሩ ጋ አስቀምጠው፣ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ይበላሻል። በማግስቱ ስማው። እኔ ስቀዳ ሰልችቶኛል ያልኩት ነገር ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ ችግሩ ፊል ላይ መቸኮሌ ነበር።

ሁለተኛ፣ ችክችካን በደንብ ፈትሸው። ሰርግ ላይ በየሳምንቱ ስለምትመታው የምታውቀው ይመስልሃል። በ6 ቁጠረው። ቀኝ እጅህ ስድስቱንም ይምታ። እግርህን መጀመሪያ 1 እና 4 ላይ አሳርፍ። ከዚያ የቀኝ እጅህን ምት ሳትቀይር እግርህን ወደ 1፣ 3 እና 5 ውሰደው። ያው ምት ሌላ ዘፈን ይመስላል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለስክ ቆይ። መጀመሪያ እግርህ እምቢ ይልሃል፣ አትበሳጭ። ከቻልክ ደግሞ በሳምንት አንድ ማታ ቤዝ ወይም ክራር የሚጫወት ሰው ጥራ። ብቻህን ስትሆን የምትመልስለት ሰው የለም።

የቆጪው ድራመር (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አራት ቀን ሞከርኩት። ቶሞቹ አልጋ ሥር ናቸው። የመጀመሪያው ቀን እጄ ባዶ አየር ላይ ሄዶ ቶም ሲፈልግ አየሁት፣ ደነገጥኩ።

ጋሼ፣ አክስቴን ቆጠርኳት። ሰባት ትወቅጥና ሁለቴ ታራግፋለች። አንዳንዴ ስምንት። ለምን ስምንት ሆነ ብዬ ስጠይቃት «ቡናው ነው የሚነግረኝ» አለችኝ። ሰባቱን ከሁለቱ ጋር 9 አድርጌ ያዝኩት። ትናንት ማታ ሰዓቱ ማለፉን ያወቅኩት እራት ቀርቧል ስባል ነው። የችክችካው እግር ግን ገና አልገባልኝም። ከ1 እና 4 ወደ 1፣ 3፣ 5 ስሻገር ቀኝ እጄም አብሮ ይሄዳል። ቤዝ እህት፣ አንቺ መጀመሪያ በአፍሽ ነው የቆጠርሽው ወይስ ቀጥታ በእግር?

ቤዝ እህት፦
በአፌ። ቀኝ እጅህ ጭንህ ላይ ስድስቱን ይምታ፣ እግሩን በአፍህ ተካው፦ «ዱም» በል። ሳትቸኩል ስትለው እግርህን አምጣ። ድራሙ አያስፈልግህም፣ ታክሲ ውስጥም ይሆናል።