«ሕልም ሕግ የለውም» የሚባለው ነገር፦ ኔቨርሁድ ላይ የቀረበ ክርክር

ቆጣሪው፦
«ኔቨርሁድ ሕልም ነው፤ ሕልም ሕግ የለውም፤ እንቆቅልሹን በአመክንዮ የሚመዝን ሰው ጌሙ አልገባውም» የሚል አስተያየት ተጽፎ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብለት አየሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኔቨርሁድ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የእንቆቅልሽ ጌም ነው፤ ከሦስት ቶን በላይ ሸክላ ፈጅቷል፤ ያ ሁሉ ዓለም በእጅ ተሠርቶ ነው ካሜራ ፊት የቆመው። ይህን የሚክድ የለም። የመዛግብት አዳራሹን ግን ምን ልንለው ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሌይመን ግድግዳ ሙሉ ጽሑፍ እያለፈ ከስክሪን ወደ ስክሪን ለደቂቃዎች ይራመዳል፤ ጫፍ ላይ አንድ ዲስክ ያነሳል፤ ከዚያ ያንኑ መንገድ በእግሩ ይመለሳል። መሮጫ የለ፣ አቋራጭ የለ። ዲስኩን ትቶ መሄድም አይቻልም፤ ታሪኩ የተከፋፈለው በዲስኮቹ ላይ ነው፤ ሳይሰበሰቡም ወደፊት አያሳልፉም። ይህ የተጫዋቹን ጊዜ መናቅ እንጂ ሕልም አይደለም።

ጭቃ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ አዳራሹን የጠላኸው ሳታነበው ስላለፍከው ነው። የኳተርና የልጆቹ ታሪክ፣ የዚያ ዓለም ፈጣሪ ሆቦርግ ከየት እንደመጣ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ክሌይመን አይናገርም፤ በመንገድ ላይ የሚያዋራውም ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጌሙ ተናግሮ የማይነግርህን ጽፎ አስቀመጠልህ። እኔ ደግሞ እደግመዋለሁ፦ ሕልም ሕግ የለውም። የእግር መንገዱ መርዘሙም የዚያው አካል ነው።

ሦስተኛዋ በር፦
ሁለታችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ እየተጓተታችሁ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ግን ስህተት ነው። ኔቨርሁድ ሕግ አለው። ገና መጀመሪያ ላይ ያለውን የቀለበቶቹን ክፍል ተመልከቱ። ከላይ የተንጠለጠለውን ቀለበት ክሌይመን ሲስበው በሩ ይከፈታል፣ ሲለቀው ይዘጋል። ስለዚህ ቀለበቱን ይዞ የሚቆይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ የሚናከስ ተክል አለ፤ ነቅለህ ቀለበቱ ሥር ትተክለዋለህ፤ ነክሶ ይይዝልሃል። ምን እንደሚጎድል ታየ፣ መሣሪያው ታየ፣ ውጤቱም ታየ፤ አንድም ቃል ሳይነገር። ይህን ያህል ጥርት ያለ አመክንዮ ያለውን ሥራ «ሕግ የለውም» ብሎ ማሞገስ ስድብ ነው፤ የሠሪዎቹን ልፋት መካድ ነው።

ቆጣሪው፦
የመጀመሪያው ክፍል ላይ እስማማለሁ። ግን እዚያው አትቁሚ። አይጧ በአንዱ ቀዳዳ ገብታ በሌላው የምትወጣበትን፣ ወደ አይቡ እስክትደርስ ቀዳዳ እየቀያየርሽ የምትሞክሪበትን ግድግዳ ምን ትያለሽ? ጥንድ ሥዕል የሚፈለግበትን የሰሌዳ ግድግዳስ? ሰሌዳ ትገልጪያለሽ፣ ካልገጠመ ይከደናል፣ እስኪያልቅ ድረስ። ከሆቦርግም ከጠላቱ ከክሎግም ታሪክ ጋር አይገናኝም። ከየትኛውም ጌም ነቅለሽ የትም ልትለጥፊው ትችያለሽ። የኔ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ዓለሙ እንግዳ፣ እንቆቅልሹ ተራ።

ባለ ማስታወሻ፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የእንቆቅልሾቹ መልስ የሆኑት የኮዶቹ ምልክቶች፣ የሬዲዮው ሙዚቃ፣ የውሃ ቧንቧዎቹ ድምፅ፣ የሰሌዳዎቹ አቀማመጥ አዲስ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ይቀያየራሉ። ስለዚህ ከሌላ ሰው የመፍትሔ ጽሑፍ ላይ ምልክት ቀድቶ ማስገባት በሩን አይከፍትም፤ ጽሑፉ የሚጠቅመው መልሱ የት ክፍል እንዳለ ለማወቅ ብቻ ነው። ጌሙ የሚታይ የዕቃ ዝርዝር የለውም፤ ክሌይመን ያነሳውን ነገር ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲጫኑ ራሱ ይጠቀምበታል። ማስታወሻ ደብተርም አይሰጥም። እንግዲህ ምልክት ባያችሁ ቁጥር ቅርጹን ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ከጎኑ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ጻፉ፣ ቅደም ተከተሉን ከግራ ወደ ቀኝ ያዙ። ቅደም ተከተሉን ያልያዘ ሰው ምልክቶቹን ሁሉ አውቆም በሩ አይከፈትለትም።

ሬዲዮውንና ቧንቧዎቹን በጆሮ ማዳመጫ ሥሩ። በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሲጨምርና ሲቀንስ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚፈለገው ዜማ የሚሰማው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዜማውን በስልክ ቀድቶ እያመሳከሩ መሄድ ከማስታወስ ይሻላል። እውነተኛው ጉድለትም እዚህ ጋ አለ፦ ለእነዚህ የድምፅ እንቆቅልሾች በዓይን የሚታይ አማራጭ የለም። ጆሮው የማይሰማ ተጫዋች መሞከር እንጂ መፍታት አይችልም። ከአዳራሹ ርዝመት ይልቅ ይህ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ጭቃ ወዳጅ፦
የጆሮው ጉዳይ ልክ ነው፤ አልከራከርም። መልሶቹ መቀያየራቸው ግን ጥበብ ነው። መልሱን የሚያገኘው የሄደበት ሰው ብቻ ነው።

ድሮ ሲዲ፦
አመክንዮ የሌለው እንቆቅልሽ ማየት የሚፈልግ ገብርኤል ናይት 3ን ይክፈት፣ 1999። ጌሙ ሕልም አይደለም፤ እውነተኛ መንደር፣ እውነተኛ ምርመራ ነው። ሞተር ብስክሌት ለመከራየት ምን ያስደርግሃል? የመሣሪያ ቤቱ በር ቀዳዳ ላይ ማጣበቂያ ፕላስተር ትለጥፋለህ። ድመቷን ውሃ ትረጫታለህ፤ በቀዳዳው ስትሾልክ ፀጉሯ ፕላስተሩ ላይ ይቀራል። ፀጉሩን በሽሮፕ ከንፈርህ ላይ አጣብቀህ ጢም ታደርገዋለህ። የምትመስለው ሰውዬ ግን ጢም የለውም! ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ጢም ትስላለህ። ጃኬትና ቆብ ገና አልተቆጠሩም። «ሕልም ሕግ የለውም» ያላችሁ ሰዎች፣ ሕግ የጠፋው ሕልሙ ውስጥ ሳይሆን የእውነት ዓለም ነኝ ያለው ውስጥ ነው።

ሦስተኛዋ በር፦
ይኸው! ያልኩት ይህንን ነው። ዓለሙ እንግዳ በሆነ መጠን ሕጉ መጥበቅ አለበት፤ ተጫዋቹ ከራሱ ኑሮ ይዞት የሚመጣው እውቀት አይረዳውምና።

ቆጣሪው፦
ከሁሉ የከፋውን አምጥቶ «ከዚህ ይሻላል» ማለት መከላከያ አይሆንም። ከተሻለው ጋር አነጻጽሩ። ማሺናሪየም፣ 2009፣ እሱም ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ አይናገርም፣ እሱም እንግዳ ዓለም ነው። ሮቦቱ የሚነካው እጁ የሚደርስበትን ብቻ ነው፤ ሰውነቱን ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ስለዚህ ስክሪኑን ሙሉ በክሊክ ማሰስ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ የት እንደምትቆም ታስባለህ። ስትቸገር አንድ ፍንጭ በሐሳብ አረፋ ይታይሃል፤ ሙሉውን መፍትሔ የያዘው መጽሐፍ ደግሞ የሚከፈተው ትንሽ የተኩስ ጨዋታ ካሸነፍክ በኋላ ነው። መፍትሔው አለ፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኔቨርሁድ ላይ ምን አለ? ምንም።

ጭቃ ወዳጅ፦
አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ የመጣን ጌም ይዘህ የቀደመውን ትከሳለህ? ማሺናሪየም እኮ የቀደሙትን አይቶ ነው የተሠራው። በ1996 ማን ፍንጭ ይሰጥ ነበር?

ሦስተኛዋ በር፦
በዘመኑ አታመካኝ። የጌም ሠሪው ሮን ጊልበርት የእነዚህን ጌሞች ጥፋቶች በ1989 ዘርዝሮ ጽፏል። ተጫዋቹ ሞቶ ካላየ የማይማረው እንቆቅልሽ፣ ቁልፉ ከበሩ በፊት የሚገኝበት እንቆቅልሽ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተነስቷል። ኔቨርሁድ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ከፊሉን ሰምቷል፤ ክሌይመን የሚሞትበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የመዛግብት አዳራሹን የመሰለውን ግን ለማረም አልሞከረም።

ድሮ ሲዲ፦
የሚሞትበትን ቦታ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን ካነሳሽ፣ እሱ ፍጹም ፍትሐዊ ነው። አትግባ የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ አለ። አንብቦ ዘሎ የገባ ሰው ማንን ይወቅሳል?

ቆጣሪው፦
ሌላው ዓለም ሁሉ «ንካው፣ ሞክረው፣ ምንም አትሆንም» እያለ ሲያስተምረኝ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሕጉን ይለውጣል። ለዚያውም ሴቭ ማድረግ በተጫዋቹ እጅ ነው፤ የዘነጋ ሰው ምልክቱን ሁሉ ከመጀመሪያ ሊለቅም ነው፣ ያውም የተቀያየረውን።

ድሮ ሲዲ፦
ማስጠንቀቂያውን አነበብክ ወይስ አላነበብክም? እሱን መልስ።

ቆጣሪው፦
የመዛግብት አዳራሹን ግድግዳ አላነበብክም ተብዬ የተወቀስኩትም አሁን ነው። ጌሙ ብዙ እያስነበበኝ የትኛው ጽሑፍ ሕይወት እንደሚያስከፍል አይለይልኝም።

ጭቃ ወዳጅ፦
ይለያል እንጂ! አዳራሹ ታሪክ ነው፣ ጉድጓዱ ላይ ያለው ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ያምታታ አንተ ነህ።

ባለ ማስታወሻ፦
እናንተ ስትጨርሱ፦ ጉድጓዱን ማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በተለየ ስም ሴቭ ያድርግ፤ የቆየውን ሴቭ አይደርብበት። የድሮ ጌሞችን በአዲስ ኮምፒውተር በሚያጫውተው ፕሮግራም በስከምቪኤም የሚጫወቱም የዋናውን ሲዲ ፋይሎች ማዘጋጀት አለባቸው፤ ስከምቪኤም ማጫወቻው እንጂ ጌሙ አይደለም።