ከግቢው አጠገብ ስለሚሠራው ስታዲየም ለቦርዱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ክቡራትና ክቡራን የተመራቂዎች ማኅበራችን አባላት፣ በጠቅላላ ስብሰባችን እንደተወሰነው፣ ዩኒቨርሲቲያችን ከግቢው አጠገብ የራሱን የእግር ኳስ ስታዲየም ይሥራ ወይስ አይሥራ በሚለው ጥያቄ ላይ ለቦርዱ አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ ይጠበቅብናል። መነሻ እንዲሆን ያዘጋጀሁት ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ባዶ ይዞታ ላይ 20,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም እንዲገነባ ይጠይቃል።» አባላት «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብላችሁ ከማለፍ ይልቅ ረቂቁን ራሱን እንድታርሙት በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቀድሞ የቡድኑ በረኛ፦

ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴንም እነግራችኋለሁ። በተጫወትኩባቸው አራት ዓመታት «በሜዳችን» የምንለው ጨዋታ ሁሉ የሚካሄደው በኪራይ ሜዳ ነበር። ጨዋታው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ አውቶቡሳችን ከግቢ የሚነሣው በ6 ሰዓት ስለነበር ቁምጣና ማሊያ የምንቀይረው እዚያው ወንበራችን ላይ ሆነን ነው፤ ደጋፊ የሚያመጣ ሁለተኛ አውቶቡስ ግን አንድም ቀን አልነበረም። ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ሲሄድ ሥራ ፈትቼ የራሳችንን ተመልካቾች እቆጥር ነበር፤ ሠላሳ የሞሉበትን ቀን አላስታውስም። ሜዳውን ሌሎች ሦስት ቡድኖች ይጋሩት ስለነበር ውድድሩ ሳይጋመስ በጎሉ አፍ ላይ ያለው ሣር ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በረኛ ሲወድቅ የሚወድቀው በተረገጠ ደረቅ አፈር ላይ ነው። የቀኝ ክርኔ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ቢኖረን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

የሒሳብ ባለሙያው አባል፦

ወንድማችን የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ልብ ብለን ካነበብነው የጠየቁት በእግር የሚደረስበት ሜዳ እንጂ 20,000 ወንበር አይደለም። ቡድናችን የሚጫወትበት ሊግ 16 ቡድኖች ስላሉት በሜዳችን የምናደርገው ጨዋታ በዓመት 15 ነው፤ እያንዳንዱን ሁለት ሰዓት ብንለው ጠቅላላ 30 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ ደግሞ 8,760 ሰዓት አለው። ስለዚህ ለቦርዱ ልናስረዳ የሚገባን ስታዲየሙ በ30ው ሰዓት ውስጥ ስለሚያስገኘው ደስታ ብቻ ሳይሆን በቀረው ጊዜ ማን እንደሚገባበትና ማን እንደሚጠብቀው ጭምር ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የግል መሆኑንም አንርሳ። የመንግሥት በጀት የለውም፤ ብድር ቢወስድ ወለዱን የሚከፍለው ከለጋሾች ካልሆነ በቀር ከተማሪው የትምህርት ክፍያ ነው። የትኬት ገቢ ይሸፍነዋል የሚል አባል ካለ፣ ተማሪዎቻችን በነጻ ይግቡ ያልነው ራሳችን መሆናችንን አስታውሳለሁ።

ሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች ያለፉበትን ብናይ ይጠቅመናል። በአሜሪካ ያሉት የሚጫወቱት በእጅ የሚያዘውን፣ ከእኛው የተለየውን ኳስ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሕንጻው ብቻ ላንሣ። የቱሌን ዩኒቨርሲቲ በግቢው ውስጥ የነበረውን ግዙፍ ስታዲየም ትቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ከተማው ሱፐርዶም ገባ፤ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ባዶ ወንበር ሲያይ ኖሮ በ2014 ወደ ግቢው ሲመለስ የሠራው 30,000 ሰው የሚይዝ ነው። ስታንፎርድ ከ80,000 በላይ ይይዝ የነበረውን ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2006 እንደገና ሲሠራ ወደ 50,000 አወረደው። ኖርዝዌስተርንም 47,000 ይይዝ የነበረውን አፍርሶ ለ35,000 የሚሆን መገንባት ያዘ። በአንጻሩ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚጫወተው ከግቢው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ የሌላ ባለቤት ስታዲየም ነው፤ ተማሪውም እንደ እኛ በረኛ አውቶቡስ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ ርቀቱ ጎጂ መሆኑን ብንስማማም ገንዘቡ የነበራቸው ሳይቀሩ ሲመለሱ አሳንሰው መሥራታቸውን ልብ እንበል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። «20,000» የሚለውን ቁጥር የጻፍኩት ያለ ስሌት እንደነበር አምናለሁ፤ በዓይነ ሕሊናዬ የነበረው በቴሌቪዥን የማየው ስታዲየም ነበር። በቦታው ላይ የኢንጂነሯን አስተያየት እንጠብቃለን።

ኢንጂነሯ አባል፦

ቦታውን በእግሬ ዞሬ በሜትር ለክቼዋለሁ። ሜዳው ራሱ ችግር የለበትም፤ ፊፋ የሚመክረው 105 በ68 ሜትር ስለሆነ በአራቱም ጎን ከሚያስፈልገው ባዶ ዳር ጋር አንድ ሄክታር ገደማ ይበቃዋል። ችግሩ ያለው ከሜዳው ውጭ፣ በሰው መውጫና መግቢያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም ጨዋታው አልቆ ሰው በደረጃ ሲወርድ ተረጋግጦ 66 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ አደጋ ምርመራ በኋላ በብሪታንያ የወጣውና እየተሻሻለ የመጣው የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት መመሪያ በደረጃ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ከ66 ሰው በላይ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ደግሞ ከ82 ሰው በላይ እንደማያልፍ አድርገን እንድናሰላ ያዛል፤ ተመልካቹም በ8 ደቂቃ ውስጥ ወንበሩን ለቆ መውጣት መቻል አለበት። አንድ ሜትር ደረጃ በ8 ደቂቃ የሚያሳልፈው 528 ሰው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለ20,000 ተመልካች ወደ 38 ሜትር የሚደርስ የደረጃ ስፋት ያስፈልጋል፤ አንዱ መውጫ በእሳት ወይም በሌላ ምክንያት ቢዘጋስ ብለን የምንጨምረው ገና አልተቆጠረም። ያ ሁሉ ሰው ወጥቶ የሚፈስሰው ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱና በአጥሩ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ሲሆን፣ ስለካው በጠባቡ ቦታ 7 ሜትር አይሞላም። እዚያ መተላለፊያ ላይ 20,000 ሰው እንዲወጣ ፊርማዬን አላኖርም። ለ3,000 ተመልካች ግን ስሌቱ ከ6 ሜትር በታች ይመጣል፤ በሰሜን በኩል ሁለተኛ በር ከከፈትን ደግሞ መጠባበቂያ እናገኛለን።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋት አለበት፤ ረቂቅ ንድፍ ብሎ የመጣልን ወረቀት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያስቀመጠው ለመንገዱ ቅርበት ሲባል ነው መሰለኝ፤ የከሰዓት ፀሐይ የአንደኛውን በረኛ ዓይን እንደሚወጋ አላሰቡበትም። ትሪቡኑ በምዕራብ በኩል ቢሆን ተመልካቹ ፀሐይን በጀርባው ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሣሩ ሥር የሚቀበረው የውኃ ማስወገጃ ቱቦና ጠጠር ከሁሉ በፊት መሠራት አለበት። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ሥራ መሆኑን በሙያዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ኩሬ የሚሆን ሜዳ ከምንሠራ ትሪቡኑን ብናዘገይ እመርጣለሁ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አባል፦

እኔ በዚህ ማኅበር ውስጥ ተመራቂም ጎረቤትም ነኝ። ልጆቼ በጨዋታ ቀን የሚሰማውን ጩኸት ይወዱታል፤ በዓመት 15 ቀን ማንም አይቀየምም። የምፈራው ወጪውን ለመመለስ ሲባል ሜዳው ለሙዚቃ ድግስ መከራየት ሲጀምር የሚመጣውን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ኖርዝዌስተርን ስታዲየሙን ሊሠራ ሲነሣ ዋናው ክርክር የነበረው በኳሱ ላይ አልነበረም፤ ነዋሪዎች ኮንሰርቱን ተቃውመው የከተማው ምክር ቤት እኩል ለእኩል ከተከፈለ በኋላ በከንቲባው ድምፅ በዓመት እስከ ስድስት ኮንሰርት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። የእኛ ሐሳብ ስለ ድምፅ ማጉያ፣ ስለ ፓውዛው ማጥፊያ ሰዓትና ስለ ፈተና ሳምንታት ቁርጥ ያለ ነገር ካልያዘ እኔ አልፈርምም፤ ቤተ መጻሕፍቱም ከእኔ ቤት ይልቅ ለሜዳው እንደሚቀርብ አስቡ።

የአትሌቲክስ አሠልጣኙ፦

በሜዳው ዙሪያ መም ይኑር የሚለውን ጥያቄ ማንም ስላላነሣው ላንሣው። ኳስ ወዳዶች መም ተመልካቹን ከሜዳው ያርቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ስታንፎርድም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያድስ መሙን አንሥቶታል። ሆኖም ስታንፎርድ ሯጮቹን የሚያሰለጥንበት ሌላ ቦታ ነበረው፤ እኛ የለንም። ከተማሪዎቻችን ውስጥ ለቡድኑ የሚሰለፉት 11 ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡት ግን ስንት እንደሆኑ በማለዳ ወጥቶ ማየት ይበቃል።

የሴቶች ቡድን አምበል የነበረች አባል፦

እስካሁን በተጻፈው ሁሉ «ቡድኑ» ሲባል የወንዶቹ ቡድን ብቻ እንደሆነ ታዝቤያለሁ። እኛ በኪራዩ ሜዳ ላይ የልምምድ ሰዓት የሚደርሰን ወንዶቹ ሲሰርዙ ብቻ ነበር፤ የተሰረዘውም የሚነገረን በዕለቱ ስለሆነ ግማሾቻችን ክፍል ውስጥ እንገኛለን። አዲስ ሜዳ ቢሠራና የሰዓት ድልድሉ በጽሑፍ ባይቀመጥ ያው አሠራር ከነ ልማዱ ወደ ግቢው ይገባል። የሒሳብ ባለሙያችን በቀረው ጊዜ ማን ይገባበታል ብለው ለጠየቁት አንደኛው መልስ እኛ ነን።

የሒሳብ ባለሙያው አባል፦

እህታችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም 15 ብዬ ስቆጥር የእነሱን ጨዋታ አልቆጠርኩም፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁላችንንም የሚያስተናግድ ሜዳ ካሰብን ግን ሣሩ ዋና ጥያቄ ይሆናል። የተፈጥሮ ሣር የሚችለው በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ስለሆነ፣ ወንዶች፣ ሴቶችና የክፍል ውድድሮች ከጠዋት እስከ ማታ ከተረማመዱበት በረኛችን ያወሩት አፈር ይመለሳል። ሰው ሠራሽ ሣር ይህን ይችላል፤ ነገር ግን ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው። ብድሩ የ20 ዓመት ቢሆን ዕዳው ሳያልቅ ምንጣፉ ሁለት ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለመለወጫ የሚሆን ገንዘብ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሐሳቡ ላይ ይጻፍ። በተጨማሪ በሣሩ መካከል የሚበተነው የጎማ ቅንጣት አካባቢን ስለሚበክል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ከ2031 በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል፤ ነገ የሚጣል ነገር ዛሬ ከመግዛት ቡሽ ወይም አሸዋ ብንመርጥ ይሻላል።

የቀድሞ የቡድኑ በረኛ፦

በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ፀሐይ ሲበረታ መሬቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በረኛ ከሁሉ በላይ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ከአፈሩ ይሻላል። ቁጥሩንም በተመለከተ ተረትቻለሁ፤ 3,000 ሰው ሞልቶ የሚጮኽበት ትሪቡን 20,000 ባዶ ወንበር ካለበት ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ከመልበሻ ክፍሎቹ ሥራ አይቀነስ፤ አራት ይሁኑ፣ ውኃም ይኑራቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ውይይቱን መሠረት በማድረግ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ፦

«ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲው በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ይዞታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ ሰው ሠራሽ ሣርና የተሟላ የውኃ ማስወገጃ ያለው ሜዳ፣ በምዕራብ በኩል 3,000 ተመልካች የሚይዝ አንድ ትሪቡን፣ አራት መልበሻ ክፍሎችና በሰሜን ሁለተኛ በር እንዲገነባ ይጠይቃል። ከዚያ የሚበልጥ ተመልካች ለሚጠበቅባቸው ጥቂት ጨዋታዎች ሜዳ መከራየት ይቀጥላል፤ የምሥራቁ ጎን ለወደፊት ማስፋፊያ ባዶ ይቀመጣል። ግንባታው የሚጀመረው ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በልገሳ ከተገኘና ምንጣፉን ለመለወጥ የሚቀመጠው ገንዘብ በዓመታዊ በጀት ከተያዘ በኋላ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት የትምህርት ክፍያ አይጨመርም። ሜዳው ለሙዚቃ ድግስ አይከራይም፤ ፓውዛው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይበራም፤ በፈተና ሳምንታት ድምፅ ማጉያ አይከፈትም።»

«ከግማሽ በላይ» የሚለውን መጠን ያስገባሁት በራሴ ግምት ስለሆነ የሒሳብ ባለሙያችን ያርሙኝ። የመሙን ጉዳይ ግን ከአንድ ሐሳብ ላይ ማድረስ አልቻልኩም፤ የአሠልጣኙ ክርክር ጠንካራ ነው ብዬ ባምንም መም ሲጨመር ሰሜናዊው በር የሚከፈትበት ቦታ ይጠብብ እንደሆነ ኢንጂነሯ ለክተው እስኪነግሩን ድረስ ከረቂቁ ውጭ አቆይቼዋለሁ።

የሴቶች ቡድን አምበል የነበረች አባል፦

የሰዓት ድልድሉ አልገባም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በፊት ይህን ጨምሬያለሁ፦ «የሴቶቹ ቡድን ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በወንዶቹ የጨዋታ ፕሮግራም ምክንያት አይሰረዝም።» ቀኖቹን እርስዎ ቢመርጡና እስከ ዓርብ ቢያሳውቁኝ ሰኞ ለቦርዱ ጸሐፊ አስረክባለሁ።

ኢንጂነሯ አባል፦

ነገ ጠዋት ሜትሬን ይዤ ሰሜኑ በር ጋ እገኛለሁ። አሠልጣኙ ቢመጡና የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።