ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው የሚሰምጥ ገመድ ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ እስኪ አንድ በሉኝ። የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ቁጥር 6 የፍላይ ዘንግ (በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚጠመድበት) አለኝ፤ ገመዱ ግን ተንሳፋፊ ነው። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከእንግሊዝ ይመጣል። «አንድ ገመድ ብቻ ምረጥ» ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ መወሰን አቅቶኛል።

ሐይቃችን ጥልቅ ነው፤ ከ80 ሜትር ያልፋል። ማለዳ ቆሮሶው ዳር ዳሩን አይጠፋም። ፀሐይ ስትበረታ ግን ድራሹ ይጠፋል። ወደ ታች እንዲወርድልኝ ረጅም ክር ቀጥዬ ሞከርኩ። ንፋስ ሲነሳ ታንኳዋ ትነዳለች፣ ገመዱ ይወጠራል፣ መንጠቆው ተመልሶ ላይ ይንሳፈፋል። አንዱ ጓደኛዬ «አብሽር፣ ድንጋይ እሰርበት» ይለኛል። ለሱ የሁሉም ነገር መፍትሔ ድንጋይ ነው።

የሚሰምጡ ገመዶች በፍጥነታቸው በታይፕ ይለያሉ፤ እንዳነበብኩት ታይፕ 3 የሚባለው በሰከንድ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰምጣል፤ ታይፕ 7 ደግሞ ወደ 18። ስለዚህ 4 ሜትር ለመድረስ ታይፕ 3 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ታይፕ 7 በ22 ሰከንድ ይደርሳል፤ ግን ቀስ ብዬ ስስበው መስመጡን ስለማያቆም ሣር ውስጥ ይሰነቀራል ብዬ ፈራሁ። የማገኘው ምክር ሁሉ ትራውት ለሚባለው ዓሣ ነው። ቆሮሶ እንደ ትራውት አሳዶ አይነክስም፤ ቀስ ያለ ነገር ነው የሚወደው።

ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ ቀስ ብሎ ለመሳብ፣ ታይፕ 3 ይበቃኛል? ወይስ ጫፉ ብቻ የሚሰምጠው ይሻላል? ከታንኳ ላይ የሞከረ ካለ ይንገረኝ።