ጓሮ ላይ ሰርቪስ ቤት መሥራት ተፈቀደ የሚባለው እውነት ነው? (ዋሽንግተን ስቴት)

ጓሮዋ_ሰፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከሲያትል ወደ ደቡብ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ቤቱ በ1998 የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ መሬቱ በጠቅላላ 7,200 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው፣ አብዛኛው ጓሮ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። የምትተኛው ሳሎኑ አጠገብ ያለችው «ቢሮ» ተብዬ ክፍል ውስጥ ነው። በር የለውም። ልጆቹ ጌም ሲጫወቱ እሷ ዳዊቷን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ የለማ። ጓሮውን በመስኮት እያየች «ይኼን ሁሉ ሣር የምታጠጡት ላም ሳይኖራችሁ ነው? አንዲት ሰርቪስ ብትቀልሱልኝ ምን ነበረበት» ትለኛለች።

ሞክሬ ነበር እኮ። በ2019 ሲቲ ሄጄ ጠየቅኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ አንድ ወረቀት ሰጠኝና ሦስት ቦታ በቀይ አከበበልኝ። ለብቻው የቆመ ቤት አይቻልም፣ ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ብቻ። ባለቤቱ የግድ ከሁለቱ በአንዱ መኖር አለበት፣ ይኼንንም ፈርሜ ካውንቲ ላስመዘግብ። ተጨማሪ ፓርኪንግም ላዘጋጅ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ተውኩት።

አሁን ቤተ ክርስቲያን አንዱ «ሕጉ ተቀይሯል፣ እንኳን አንድ ሁለት ትሠሪያለሽ» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ያ ለሲያትል ብቻ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ሁለቱም ወሬ ነው ባይ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፣ የሠራችሁ ካላችሁማ ወጪውንም ሳትደብቁ።

እርሳስና_ማስመሪያ

እህቴ፣ ወሬ አይደለም። ፕላን የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነው የምውለው፣ ይኼ ነገር በየቀኑ እጄ ላይ ነው።

የተቀየረው የከተማሽ ደንብ ሳይሆን የስቴቱ ሕግ ነው። ኤችቢ 1337 ይባላል፣ ገቨርነር ኢንስሊ በሜይ 2023 ፈረሙበት። ከተሞቹ ዞኒንጋቸውን (የት ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውን ደንብ) እንዲያስተካክሉ ጊዜ ተሰጣቸው፣ ለኪንግ፣ ፒርስ፣ ስኖሆሚሽና ኪትሳፕ ካውንቲ ከተሞች ቀነ ገደቡ ጁን 30 ቀን 2025 ነበር። እና ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ከተማው ቢያንቀላፋና ደንቡን ባይቀይር የስቴቱ ሕግ በራሱ ይተካዋል። ስለዚህ ያ ቀይ የተከበበ ወረቀት ከእንግዲህ ለማስታወሻ ነው የሚሆነው።

ሰውዬው ያከበበልሽን አንድ በአንድ እንየው። ለብቻው የቆመ አይቻልም ብሎሽ ነበር፤ አሁን በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ኤዲዩ (ሰርቪስ ቤቱን ነው እንዲህ የሚሉት) ይፈቀዳል፣ የተያያዘም ይሁን ለብቻው የቆመ ምርጫው ያንቺ ነው። ባለቤት ይኑርበት የሚለው ግዴታም ቀርቷል። መጠኑን ከተማው ከ1,000 ስኩዌር ፊት በታች እንዲሆን ሊያስገድድሽ አይችልም፣ ይህም 93 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ለእናትሽ ይተርፋታል። የከፍታ ጣሪያውንም ከ24 ፊት በታች ሊያወርድብሽ አይችልም። ኢምፓክት ፊ የሚባለው፣ ከተማው ለመንገድና ለትምህርት ቤት ብሎ ከአዲስ ግንባታ የሚያስከፍለው፣ ደግሞ ዋናው ቤት ከሚጠየቀው ግማሽ አይበልጥም።

ፓርኪንጉ ላይ ግን እንዳትሸወጂ። «ፓርኪንግ ቀርቷል» የሚሉሽ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። የቀረው እንደ ላይት ሬይል ያለ ዋና የትራንዚት ጣቢያ በግማሽ ማይል ውስጥ ካለሽ ነው። ከሌለሽ፣ መሬትሽ ከ6,000 ስኩዌር ፊት በላይ ስለሆነ ከተማው ለአንድ ኤዲዩ እስከ ሁለት ፓርኪንግ ሊጠይቅ ይችላል። ሁሉም ይጠይቃል ማለት አይደለም፣ የከተማሽን አዲሱን ደንብ ድረ ገጹ ላይ አንብቢ።

ጓሮሽ ረግረግ ወይም ገደላማ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ከተማው የመከልከል መብት አለው።

ጋሽ_ሬኒየር

ልጄ፣ እናትሽን ስላሰብሽ ተባረኪ። እኔ ሬኒየር ቫሊ ነው የሠራሁት፣ ሲያትል ውስጥ። ለብቻው የቆመ የጓሮ ቤት መጀመሪያ የተፈቀደው እዚሁ እኛ ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር ነው፣ በ2006፣ ለሙከራ ብለው። ለመላው ከተማ ከተፈቀደ በኋላም ቢሆን ብዙ ሰው አልሠራም፤ ባለቤት ይኑርበት፣ ፓርኪንግ ይኑረው እያለ ደንቡ ያንቃል። በ2016 እናሻሽለው ሲሉ የኩዊን አን ሰፈር ሰዎች ይግባኝ አሉና ነገሩ እስከ 2019 ተጓተተ። ያኔ ነው ሁለት የተፈቀደው፣ 800 የነበረው መጠንም 1,000 የሆነው። ያቺ «ለሲያትል ብቻ ነው» ያለችሽ ሴትዮ ይኼንን ሰምታ ይሆናል፣ አልተሳሳተችም፣ ወሬዋ ቆየባት እንጂ።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ዞኒንጉ በሩን ነው የሚከፍትልሽ። ገንዘብሽን የሚበላው ከመሬት በታች ያለው ነው። እኔ ፕላኑ አለቀ፣ ፈቃዱ ወጣ፣ ኤክስካቫተሩ መጣ፣ ደስ ብሎኝ ቡና አፍልቼ ለሠራተኞቹ ሁሉ አቀረብኩ። ከቀትር በኋላ አንዱ ልጅ «ጌታዬ፣ ና እስቲ እይ» አለኝ። የፍሳሽ ቱቦው የሸክላ ነው፣ የድሮ፣ መጋጠሚያው ሁሉ በዛፍ ሥር ተሞልቷል፣ ልክ ጸጉር የገባበት ማበጠሪያ ነው የሚመስለው። እስከ መንገዱ ድረስ ተቆፍሮ መቀየር ነበረበት። ያ ሁሉ በጀቱ ውስጥ አልነበረም። ቤቱ ሲያልቅ በጠቅላላ ከ300 ሺህ ዶላር አለፈብኝ፣ ስጀምር ያሰብኩት ግን 220 ነበር። ስለዚህ ፕላን ከማሠራትሽ በፊት ቱቦው ውስጥ ካሜራ አስገቢ። ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ብዙ እንቅልፍ ይሰጥሻል።

ኪንግ ካውንቲ ከሆንሽ ደግሞ አዲስ ቤት ፍሳሽ መስመር ላይ ሲቀጠል ካውንቲው ለብቻው የሚያስከፍለው አለ፣ ካፓሲቲ ቻርጅ ይሉታል፣ በየወሩ ከከፈልሽው 15 ዓመት ነው። ለትንሽ ቤት ይቀንሳል ግን አለ። እኔ ቢሉ ሲመጣ የተሳሳተ አድራሻ መስሎኝ መልሼ ልልከው ነበር።

አንድ ደግሞ በራሴ ስንፍና ያጣሁት። ኤዲዩ ስትሠሪ የተጨመረው ዋጋ ለሦስት ዓመት ከፕሮፐርቲ ታክስ ነፃ የሚሆንበት የስቴት ሕግ አለ፣ ከዋናው ቤት ዋጋ 30 በመቶ እስከሆነው ድረስ። ግን ማመልከቻው ግንባታው ሳያልቅ መግባት አለበት። እኔ የሰማሁት ቤቱን አከራይቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ኢንግልውድ_ነኝ

እኛ ካሊፎርኒያ ይኼን ፈተና ቀድመን ነው የጨረስነው። እዚህም ስቴቱ ነው ከተሞቹን የገፋቸው፣ ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ሕግ እያወጣ። አሁን ከተማው ማመልከቻሽ ሙሉ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ፊት መራቅ በቂ ነው፣ ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ኢምፓክት ፊ የለም። እኔ ጋራዡን ነው የቀየርኩት። ግድግዳው አለ፣ ጣሪያው አለ፣ መሠረቱ አለ ብዬ ገባሁበት። መሠረቱ አልነበረም ለካ :) ሲሚንቶ ተለስኖበት ነው እንጂ። ብቻ ቢሆንም ከአዲስ ቤት በጣም ይረክሳል። እህቴ ጋራዥ ካለሽ አስቢበት፣ እናትሽም ከዋናው ቤት ብዙ አትርቅም።

አልዋጥልህ_ያለኝ

ሁላችሁም እልል እያላችሁ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ባለቤት ይኑርበት የሚለው ሲቀር ማን ነው የተጠቀመው? እኔ ሰፈር ሦስት ቤት ተሸጠ። ሦስቱንም የገዛቸው ቤተሰብ አይደለም፣ ገንቢ ነው። አሮጌውን ቤት አድሶ ጓሮው ላይ ሁለት ጨምሮ እያንዳንዱን እንደ ኮንዶ ለብቻ ሸጠ። ሕጉም ለብቻ መሸጥን መከልከል አይቻልም ይላል። እናት ማስጠጊያ እየተባለ በእናት ስም የገባ ሕግ መጨረሻው ይኼ ነው። የኛ ሰው ደግሞ 300 ሺህ ከየት አምጥቶ ነው የሚሠራው?

እርሳስና_ማስመሪያ

@አልዋጥልህ_ያለኝ ያልከው እየሆነ ነው፣ አልክድህም። ከቢሮአችን ደንበኞች ከግማሽ በላዩ ገንቢዎች ናቸው። ግን የድሮው ደንብ የጎዳው ማንን እንደነበር አስብ። ባንክ ሄደህ ለግንባታ ብድር ስትጠይቅ «ከቤቱ ከለቀቅክ ሰርቪሱን ማከራየት አትችልም» የሚል የተመዘገበ ግዴታ ካለ ባንኩ ፊቱን ያዞርብሃል። ሥራ ቀይሮ ሌላ ስቴት የሄደ ሰው አንዱን ቤት ባዶ ማስቀመጥ ነበረበት። ገንቢው ያኔም ቢሆን ሙሉውን አፍርሶ አንድ ትልቅ ቪላ ይሠራና ይሸጥ ነበር፣ እሱ መቼ ቸግሮት ያውቃል። እኔ ብጠየቅ ግዴታው መቅረቱን እደግፋለሁ፣ ግን ለአነስተኛ ባለቤት የብድር ዋስትና አብሮ መምጣት ነበረበት፣ እሱ ላይ ነው ፖለቲከኞቹ የተኙት።

@ጓሮዋ_ሰፊ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ። ቤቱ የ98 ነው ብለሻል። ሰፈራችሁ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አለው እንዴ?

ከሸገር

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ሳቄ መጣ። እዚህ እኛ ሰፈር ቪላ ሲሠራ ሰርቪሱ ነው ቀድሞ የሚያልቀው! ባለቤቱ እዚያ ገብቶ እየኖረ ትልቁን ቤት በአሥር ዓመት ይጨርሳል። ካለቀ በኋላ ሰርቪሱን ያከራያል፣ ወይም ትልቁን ያከራይና ሰርቪሱ ውስጥ ይኖራል። ጎረቤቴ እትዬ ጡረታቸው አስቤዛ አይሸፍንም፣ የሚኖሩት በሁለት ክፍል ሰርቪስ ኪራይ ነው። አሜሪካ ይኼን ለመፍቀድ ሕግ ሲያረቅቅ ከረመ ማለት ነው? (እኛ ጋ ፈቃድ የለም ማለቴ አይደለም ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ የመታ ሰው የሚደርስበትን እናውቃለን።)

ጓሮዋ_ሰፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የካሜራውን ነገር ለሰኞ ቀጠሮ አስይዣለሁ።

@እርሳስና_ማስመሪያ ምነው ባልጠየቅከኝ! ኤችኦኤ አለ። ለሣር ማጨጃና ለመግቢያዋ አበባ በየወሩ የምንከፍለው ስለሆነ ረስቼው ነበር። ቤቱን ስንገዛ የተሰጠንን ፎልደር ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ገጽ 14 ላይ «በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ መኖሪያ በላይ አይሠራም» ይላል። ሲቲው ፈቀደ ስል ጎረቤቶቼ ሊከለክሉኝ ነው ማለት ነው? ስቴቱ ይበልጣል አላላችሁም እንዴ?

እርሳስና_ማስመሪያ

ፈርቼው የነበረው ይኼንን ነው። ስቴቱ ከሲቲው ይበልጣል። ኤችኦኤ ላይ ግን ሕጉ የሚከለክለው ከጁላይ 23 ቀን 2023 በኋላ የተጻፉትን ክልከላዎች ነው። የናንተ የ98 ነው፣ እንዳለ ይቆያል። ሲቲው ፈቃድ ቢሰጥሽም ኤችኦኤው ሊከስሽ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ፕላን አሠርቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ።

ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ ሰነዱን ማስቀየር ነው፣ መጨረሻው አካባቢ ለማሻሻያ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ ይጽፋል። ሁለተኛው ቀለል ይላል። ዋናውን ቤት ወደ ጓሮ በኩል አስረዝሚና ለእናትሽ መኝታ ክፍል፣ የራሷ መታጠቢያ ቤትና ወደ ጓሮ የሚወጣ በር አድርጊላት። ምድጃ ያለው ኩሽና ከሌለው በአብዛኛው እንደ ሌላ መኖሪያ አይቆጠርም፣ የቤቱ ተጨማሪ ክፍል ነው። የኤችኦኤው ኮሚቴ የውጭ ቀለሙንና ጣሪያውን ማየቱ አይቀርም። ከመጀመርሽ በፊት ግን ለሲቲውም ለኤችኦኤውም ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ጓሮዋ_ሰፊ

ድምፁን አየሁት፣ 75 በመቶ ይላል። 42 ቤት ነን፣ ስለዚህ 32 ፊርማ። ከነዚህ ውስጥ አራቱ ሐበሻ ናቸው፣ ሁለቱ ቬትናሞች ደግሞ የራሳቸውን እናቶች ይዘዋል፣ ቢያንስ ስድስት አለኝ ማለት ነው :) ስብሰባው ረቡዕ ማታ ነው፣ ባለቤቴም እመጣለሁ ብሏል። ካልሆነ ሁለተኛውን እንሞክራለን፣ ችግሩ እናቴ ኩሽና የሌለው ቤት ቤት አይደለም ባይ ናት። ለእሷ ገና አልነገርኳትም። ጠዋት ስነሳ ጓሮው ላይ አራት ድንጋይ አስቀምጣለች፣ የቤቱን አራት ማዕዘን መሆኑ ነው፣ አንደኛው ጥግ ላይ ጤና አዳም ተክላለች።

እርሳስና_ማስመሪያ

እናትሽ ከኛ ቢሮ ልጆች ይፈጥናሉ። ድንጋዮቹ ከአጥሩ ስንት ፊት እንደሚርቁ ለክተሽ ላኪልኝ።